ከኋላ የሚመጣ ድምፅ፦ ለሳሎናችን ስፒከር ከመጨመራችን በፊት

እናቴ ከሁላችንም ዘግይታ እንደምትስቅ ያስተዋልኩት አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ቡና ተፈልቷል፤ ፈንዲሻው ቀርቧል፤ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና ከባልቲሞር የመጡ ዘመዶቻችን ሶፋውን ሞልተነዋል። በቴሌቪዥኑ የሀገር ቤት አስቂኝ ድራማ ተከፍቷል። ተዋናዩ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ሁላችንም እንስቃለን። እናቴ ከሶፋው ጀርባ፣ ማሞቂያው አጠገብ ካለችው ወንበሯ ላይ ሆና በመጀመሪያ የእኛን ፊት ታያለች፤ ቀጥላ ትስቃለች። የምትስቀው በቀልዱ አልነበረም፤ እኛ ስለሳቅን ነበር።

ጎረምሳ ሳለሁ ጀምሮ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ፣ ነገር አስተውላለሁ ብዬ የምመጻደቅ ሰው ነኝ። እናቴ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከመጣች ግን ሁለት ዓመት ሊሞላት ሆኖ ይህን አላየሁም ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ «እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማሻል?» አልኳት።

«ይሰማኛል እንጂ ልጄ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ባይሰማኝስ፣ ከእናንተ ጋር መቀመጡ አይበቃኝም?» ስትል ጨመረች።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ስፒከር ነው። ሳውንድ ባር በሚባለው ረዥም የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ላይ ከኋላ ሁለት ስፒከሮች ስለ መጨመር። ከመካከላችን ዕቃውን የገዛ ብዙ ነው፤ ሊገዛ ያሰበም ብዙ ነው። እኔ ገንዘቤንም ጊዜዬንም ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ብትማሩት አይከፋም። የነገሩ መነሻና መድረሻ ግን ያቺ የእናቴ ዘግይታ የምትመጣ ሳቅ ናት።

<b>መጀመሪያ የሠራሁት ሞኝነት</b>

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩ። እናቴ «አሁን ደህና ነው» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ከአፓርታማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ከታች ያለው ተከራይ አቤቱታ እንዳቀረበ፣ ነገሩ ከተደጋገመ የኪራይ ውላችንን እንደሚነካ በትሕትና ቋንቋ ተጽፏል። በዚህ ሀገር ትሕትና የበዛበት ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ድፎ ዳቦ ቆርሼ በሳህን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። በሩን የከፈተልኝ ሰው ዓይኑ ቀልቷል። ሌሊት መኪና ሲነዳ አድሮ ቀን የሚተኛ ሠራተኛ ነው። አፈርኩ። እኔም እዚህ ሀገር እንደገባሁ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሠርቻለሁ፤ በቀን የተኛ ሰው ከላይ ሲረገጥበት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግሬ ሁለት ሆነ፤ ከላይ ያለችው እንድትሰማ፣ ከታች ያለው እንዳይሰማ።

የዘመኑ ቴሌቪዥን ቀጭን ነው። በውስጡ ያሉት ስፒከሮች ትንንሽ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ፊታቸው ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው የዞረ ነው። ስለዚህ ድምፁ ግድግዳና ወለል ሲደበድብ ቆይቶ ነው ጆሯችን የሚደርሰው። ሳውንድ ባር የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተጋድሞ ድምፁን ፊት ለፊት ወደ ሰው ይልካል። ይህን ገዛሁ፤ መሻሻል መጣ። ነገር ግን እናቴ አሁንም ፊታችንን እያየች ነበር የምትስቀው።

ወደ መደብሩ ተመልሼ ለሻጩ ችግሬን ባዋየው፣ «ከኋላ ሁለት ስፒከር ጨምርበት፤ ድምፁ ዙሪያችሁን ይከባችኋል» አለኝ። የእናቴ ወንበር ከኋላ ነው፤ ድምፁም ከኋላ ሊመጣ ነው። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንግዲህ ያኔ ነበር።

<b>ድምፅን ከኋላ ማምጣት ማን አሰበው?</b>

ነገሩ ከእኛ ዕድሜ በፊት የተጀመረ ነው። አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኢኤምአይ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ በሁለት ስፒከሮች ድምፅን ከግራና ከቀኝ የማሰማቱን ዘዴ የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ነው። ሰውየው ያስጨነቀው ሲኒማ ቤት ውስጥ ተዋናዩ በአንድ ወገን ቆሞ ድምፁ ግን ከሌላ ቦታ መምጣቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ዋልት ዲዝኒ «ፋንታዥያ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ ሙዚቃው በአዳራሹ ውስጥ የሚዘዋወርበት ፋንታሳውንድ የተባለ መሣሪያ አሠራ። መሣሪያው እጅግ ውድና ከባድ ስለነበር በጥቂት ከተሞች ብቻ ታይቶ ቀረ።

በ1970ዎቹ ኩባንያዎች ባለ አራት ስፒከር ሙዚቃን ወደ ቤት ለማስገባት ሞከሩ። እያንዳንዱ የራሱን ዘዴ ይዞ ወጣ፤ የአንዱ ሸክላ በሌላው መሣሪያ በአግባቡ አልሰማ አለ፤ ሕዝቡ ግራ ገባውና ነገሩ ከሸፈ። ይህን ታሪክ ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኋላ ድምፅን ዋጋ ለብዙ ሰው ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ፊልም «አፖካሊፕስ ናው» ነው። የድምፁን ሥራ የመራው ዋልተር መርች ነበር። ገና ሲከፈት የሄሊኮፕተሩ ድምፅ በተመልካቹ ዙሪያ ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶልቢ አትሞስ የተባለው ዘዴ «ብሬቭ» በተባለው ፊልም ሲጀመር ድምፁ ከጭንቅላታችን በላይም መምጣት ጀመረ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። የኋላ ስፒከር የተፈጠረው ድምፅን ለማጉላት ሳይሆን ቦታን ለማሳየት ነው። ዝናቡ ከየት እንደሚዘንብ፣ መኪናው በየት በኩል እንዳለፈ፣ ጭብጨባው ከየትኛው ወገን እንደመጣ ይነግራል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሻጩን ሌላ ጥያቄ እጠይቀው ነበር።

<b>የዘር ሐረግ ጥያቄ</b>

የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው ሳጥኑን በከፈትኩ ማግስት ነው። ስፒከሮቹ ከሳውንድ ባሩ ጋር አልተዋወቁም። ኩባንያው አንድ ነው፤ ቀለሙም አንድ ነው፤ ነገር ግን የእኔ ባር ከኋላ ስፒከር የሚቀበል ዓይነት አልነበረም። መልሼ ወሰድኩት፤ ደረሰኙን ይዤ ስለነበር ገንዘቤ ተመለሰ። ባሩን ራሱን በሌላ ለወጥኩት። የመደብሩንም የኩባንያውንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ የገዛው የእኔ ነው።

በ1970ዎቹ የሆነው ዛሬም በሌላ መልክ አለ ማለት ነው። የሳምሰንግ የኋላ ስፒከር ከሶኒ ባር ጋር አይሠራም፤ የሶኖስ ደግሞ ከሳምሰንግ ጋር አይሠራም። ይባስ ብሎ በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ እያንዳንዱ ባር የሚቀበላቸው ስፒከሮች ተለይተው የተጻፉ ናቸው። በሶኖስ ለምሳሌ ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ማጣመር አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የባሩን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ላይ ገልብጣችሁ ያዙ፤ ከኩባንያው የተኳኋኝነት ዝርዝር ጋር አስተያዩት። በዝርዝሩ ከሌለ «ይሠራ ይሆናል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። ገና ባር ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከነኋላ ስፒከሮቹ በአንድ ሳጥን የሚሸጠውን ማየቱ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሁለተኛው ትምህርት «ሽቦ አልባ» የሚለው ቃል ነው። ድምፁ ያለ ሽቦ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ሶኬት ይፈልጋል። የእኔ ሳሎን ከኋላ በኩል ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ሲሆን እሱንም የጀበና ምድጃችን ይዞታል። ባትሪ ያላቸውም አሉ፤ ጄቢኤል ባር 1000 በተባለው ላይ ለምሳሌ የኋላዎቹ ስፒከሮች ከባሩ ጫፍና ጫፍ ተነቅለው የሚወጡ፣ ተመልሰውም እዚያው ኃይል የሚሞሉ ናቸው። የኤሌክትሪክ ገመድ ምንጣፍ ሥር አትቅበሩ፤ ሽማግሌና ሕፃን የሚመላለስበት ቤት ውስጥም ወለል ለወለል አትዘርጉት። ገመዱ በግድግዳው ጥግ ጥግ ይሂድ።

<b>የት ይቀመጥ?</b>

ስፒከር መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ማስቀመጡ ነው። በትልቅ የሰዓት ገበታ መሐል ላይ እንደተቀመጣችሁ አድርጋችሁ አስቡ። ቴሌቪዥኑ 12 ቁጥር ላይ ነው እንበል። የኋላ ስፒከሮቹ ቦታ 4 ቁጥርና 8 ቁጥር አካባቢ ነው። ማለትም ከጎናችሁ ጥቂት ወደ ኋላ እንጂ ከማጅራታችሁ ጀርባ አይደለም። ባለሙያዎች ከፊት ለፊት ተለክቶ 110 ዲግሪ ገደማ የሚሉት ይኸው ነው። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፤ ከሶፋው ጀርባ ወለል ላይ የተጣለ ስፒከር ለሶፋው ጨርቅ እንጂ ለሰው አይናገርም።

ሶፋችሁ ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ፣ የብዙዎቻችን አፓርታማ እንዲህ ነው፣ ስፒከሮቹን በሶፋው ግራና ቀኝ ባሉ ትንንሽ ጠረጴዛዎች ላይ ማድረግ ይቻላል። ታዲያ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው እንዳያደነቁሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርጉ።

ርቀትም ይቆጠራል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ሦስት ያህሉን ይፈልጋል ማለት ነው። ባሩ 3 ሜትር፣ የኋላው ስፒከር 1 ሜትር ከራቁ የኋላው ቀድሞ ይደርሳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መሣሪያዎች በስልካችን ላይ በሚጫነው አፕ ወይም በሪሞቱ «ከተቀመጥክበት ስንት ሜትር ይርቃል?» ብለው የሚጠይቁት፤ የኋላውን ጥቂት አቆይተው ከፊተኛው ጋር እኩል እንዲደርስ ያደርጉታል። ጥያቄውን በግምት አትለፉት። ሜትር አውጥታችሁ ለኩ።

<b>ዝምታው</b>

ሁሉን አስተካክዬ፣ ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ እንደ ምረቃ በዓል ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ከኋላ ምንም አልመጣም። ትልቁ ልጄ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ፣ «አባዬ፣ ተኝቷል» አለኝ።

ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም በብዙ ቤት ያለ ስለሆነ ላስረዳ።

አንደኛው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው። በድምፅ መውጫው ምርጫ ላይ «ፒሲኤም» የሚለው ተመርጦ ነበር። ይህ ሲሆን ብዙ ቴሌቪዥኖች ከአምስትና ከስድስት ወገን የተቀዳውን ድምፅ ወደ ሁለት ጨፍልቀው ነው ወደ ባሩ የሚልኩት። ምርጫውን ወደ «አውቶ» ወይም «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስስሩ» ወደሚለው ስንለውጠው ድምፁ እንዳለ ይተላለፋል። ገመዱም መታየት አለበት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች «ኤአርሲ» ወይም «ኢ-ኤአርሲ» የሚል የተጻፈበት አለ፤ ገመዱ መሰካት ያለበት እዚያ ነው። በሌላው ቀዳዳ ከተሰካ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወደ ባሩ አይመለስም።

ሁለተኛው ምክንያት የምንሰማው ነገር ራሱ ነው። በዩቲዩብ የምንከታተላቸው የሀገር ቤት ድራማዎች፣ ዜናዎችና መዝሙሮች በአብዛኛው በሁለት ወገን፣ በግራና በቀኝ ብቻ የተቀዱ ናቸው። ከኋላ የሚል ድምፅ በውስጣቸው የለም። በሸክላና በካሴት ያደግንባቸው ዘፈኖችም ቢበዛ ሁለት ወገን ናቸው። ከሌለ ነገር ላይ መሣሪያው ምን ያምጣ? አንዳንዱ ባር በራሱ ግምት ከሁለቱ ወገን ቀንሶ ወደ ኋላ ይልካል፤ ይህም አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ ዘፋኙን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉም ስፒከሮች ያንኑ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ይህቺን የመጨረሻዋን ምርጫ አስታውሱልኝ፤ ቤቴን ያዳነችው እሷ ናት።

<b>ቃልና ዝናብ</b>

ሴቲንጉን ካስተካከልኩ በኋላ ልጆቹ አንድ የአሜሪካ ፊልም ከፈቱ። ዝናብ ከኋላችን ዘነበ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። ወደ እናቴ ዞር አልኩ። እጇን በጉልበቷ ላይ አጣምራ ዝም ብላለች።

«እንዴት ነው እማዬ?»

«ዝናቡ ይሰማኛል» አለች። «ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ነው እንጂ...»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በፊልም ሥራ የሰው ንግግር የሚቀመጠው በአብዛኛው በመሐለኛው የፊት ድምፅ ላይ ነው። ወደ ኋላ የሚላከው ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ የሕዝቡ ጫጫታ ነው። እኔ ቃል ለቸገራት እናቴ ዝናብ ገዝቼላት ቁጭ ብያለሁ!

በዚያው ሳምንት ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ መጀመሪያ በጆሮዋ ውስጥ የተጋገረ ሰም መኖር አለመኖሩን አየች፤ አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ያ ብቻ ሆኖ ይገኛልና። ከዚያ መረመረቻት። ዕድሜ የሚያመጣው የመስማት መቀነስ ነው አለች። ይህ ዓይነቱ ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው። ወፍራሙ፣ ከበሮው፣ የወንድ ድምፅ ጉርምርምታ ይሰማል፤ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ»፣ «ተ» የመሳሰሉት ይጠፋሉ። በአማርኛ አስቡት፤ «ሰውየው ሠራ» እና «ሰውየው ፈራ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቀጭን ድምፅ ናት። እሷ ከጠፋች ሰውየው ይሥራ ይፍራ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው ሽማግሌዎቻችን «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት። እውነታቸውን ነው። እኛ ድምፁን ስንጨምርላቸው የምንጨምረው የሚሰሙትን ከበሮ ነው፤ ያጡት ፊደል እንደጠፋ ይቀራል።

<b>መቅረጫው ያስታወሰኝ</b>

አንድ ሌሊት ጋደም ብዬ ስለ ድሮ ሥራዬ ሳስብ መፍትሔው መጣልኝ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ስሄድ የያዝኳት የድምፅ መቅረጫ ትንሽ ነበረች። ሰውየው ከሩቅ ከተቀመጠ የምትቀዳው የመንገዱን ጩኸት ነው። የመቅረጫዋን ቁልፍ ብታስጮኸው ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። መላው አንድ ብቻ ነበር፤ መቅረጫዋን ወደ ሰውየው አፍ ማቅረብ። ታዲያ ለመቅረጫ ያወቅሁትን ለእናቴ ጆሮ እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በግማሽ በተቀነሰ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ግድግዳ ባለበት ክፍል ውስጥ ጭማሪው ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ከፍተኛ ነው። እናቴ ከባሩ 4 ሜትር ትርቅ ነበር። የቀኙ የኋላ ስፒከር ግን ከወንበሯ አጠገብ ነው። አንድ ሜትር ላይ ብናደርገው ርቀቱ ሁለት ጊዜ በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በቅርብ የሚመጣ ድምፅ ከግድግዳ ተጋጭቶ ከሚመለሰው ማስተጋባት ስለሚቀድምና ስለሚበልጥ ቃሉ ጥርት ይላል።

ስለዚህ በማግስቱ አራት ነገር አደረግሁ። የቀኙን ስፒከር በእንጨት መደርደሪያ ላይ ከእናቴ ጆሮ ጋር እኩል፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሬ አስቀመጥኩ። የሀገር ቤት ዝግጅት ስናይ ሁሉም ስፒከሮች አንድ ድምፅ የሚያሰሙበትን ምርጫ ከፈትኩ። ንግግርን ለይቶ የሚያጎላውን «ቮይስ» የሚባል ምርጫ አበራሁ። የቤዙን ሣጥን ድምፅ ግማሽ በግማሽ ቀነስኩ፤ በወለል አልፎ ወደ ታች የሚወርደው በዋናነት ቤዝ ነውና። ጠቅላላውን ድምፅ ከቀድሞው በጣም ዝቅ አደረግሁት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁሉም ስፒከሮች እኩል የሚያሰሙበት ምርጫ በአንዳንድ ባሮች ላይ ለሙዚቃ ብቻ እንጂ ለቴሌቪዥን ድምፅ አይሠራም። በሶኖስ ለምሳሌ «ፉል» የሚባለው የኋላ ስፒከሮች ምርጫ ለሙዚቃ የተሠራ ነው። ዓላማችሁ እንደ እኔ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ለይታችሁ ጠይቁ፤ መደብሩ ውስጥ ንግግር ያለበት ነገር አስከፍታችሁ ጆሯችሁን ከኋላው ስፒከር ላይ አድርጉ። ቃል ከወጣ ግዙ፤ ዝናብ ብቻ ከወጣ ተዉት።

«የጆሮ ማዳመጫ ብታደርግላትስ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ጥሩ ነው፤ ርካሽም ነው። እናቴ ግን ማዳመጫ ስታደርግ ቴሌቪዥኑን ትሰማና እኛን ታጣለች። ቡናው «አቦል ነው ወይስ ቶና?» ሲባል አትሰማም። የምትፈልገው ከእኛ ጋር መስማት ነው።

ስፒከር ደግሞ ሐኪም አይተካም። እናቴ አሁን የመስሚያ መሣሪያ አላት። በአሜሪካ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ መስማታቸው ቀለል ካለ እስከ መካከለኛ ደረጃ ለቀነሰ አዋቂዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መሣሪያ አለ። በእንግሊዝ ደግሞ በሀገሪቱ የጤና አገልግሎት በኩል በነፃ ይሰጣል። እኔ ባለሁበት ሀገር መደበኛው ሜዲኬር ለዚህ መሣሪያ አይከፍልም፤ ከኪስ ነው የሚወጣው። እናቴ ከቤት ስትወጣ ታደርገዋለች፤ ቤት ስትገባ ግን «የራሴን ማኘክ ያሰማኛል» ብላ ታወልቀዋለች። ያኔ ስፒከሩ ይረከባል።

<b>ከመግዛታችሁ በፊት</b>

እንግዲህ በአጭሩ። አንደኛ፣ የሚያስፈልጋችሁ ምን እንደሆነ ለዩ፤ ቃል አልሰማ ካላችሁ የኋላ ስፒከር ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በባሩ ያለውን የንግግር ማጉያ ምርጫ በቅድሚያ ሞክሩ፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የባራችሁ ሞዴል የኋላ ስፒከር ይቀበል እንደሆነና የትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ ሶኬታችሁን ቁጠሩ። አራተኛ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

ለሀገር ቤት ዘመድ ዕቃ የምትልኩም አላችሁ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። በባሩም፣ በቤዙ ሣጥንም፣ በእያንዳንዱ የኋላ ስፒከርም ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «100-240» የሚል ካለው የሶኬት መለወጫ ይበቃዋል፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። አንዱ ክፍል ደህና ስለሆነ ሌላውም ደህና ነው አትበሉ።

ገንዘብንም በሚመለከት አልዋሽም። በዚያ ዋጋ ለዘመድ የሚላክ ብዙ ነገር ነበር፤ ባለቤቴም በጊዜው ሳትነግረኝ አልቀረችም። ዛሬ ቢጠይቁኝ ያለ ቸኮላ ቢሆን ኖሮ ግማሹን አተርፍ ነበር እላለሁ እንጂ ባልገዛሁ አልልም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኛም ለእናቶቻችን ጆሮ ባዳ ሆነን እንዳንቀር ነው የምፈራው። በየሳሎናችን ጥግ ተቀምጠው ፊታችንን እያዩ የሚስቁ ብዙ አሉ። ቪዛቸውን ጨርሰን፣ ትኬታቸውን ቆርጠን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለን አምጥተን፣ ከዚያ በኋላ በአራት ሜትር ርቀት ትተናቸዋል። አይነግሩንም፤ ሸክም መሆን አይፈልጉም። ዛሬ ማታ ልብ ብላችሁ እዩ፤ መቼ እንደሚስቁ ተመልከቱ።

ባለፈው እሑድ ያው ተዋናይ ተመልሶ መጣ። አንድ ነገር ጣል አደረገ። እኔ ስኒ ሳቀብል አመለጠኝ። ከኋላዬ ግን ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል እናቴ ናት፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

«ምን አለ እማዬ?» አልኳት።

«አልሰማህም እንዴ?» አለችና ነገረችኝ።

ከታች ያለው ጎረቤታችንም እስካሁን ደብዳቤ አላጻፈብንም። ቸር ይግጠመን።